ሄዶ መመለስ፦ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ የጉዞ ወረቀት ታሪክ



ሥራዬ ኦቬድ ሶትሲያሊ ስለሆነ ከቤተሰቦች ጋር ቁጭ ብለን ስንነጋገር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። «በአንድ ቤት ነው የምንኖረው። እኔ ዳርኮን አለኝ፤ ባለቤቴ ግን ቴዑዳት ዜሁት ይዞ ዳርኮን የለውም። ለምንድን ነው?» ሌላው ደግሞ «እህቴ ጎንደር አርፋለች፤ ለቅሶ ልድረስ ብል መመለሻው አያስቸግረኝም ወይ?» ይላል።

መልሱን ባጭሩ መናገር ይቻላል። ግን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባል የለ? ሕጉ ከየት እንደመጣ ካላወቅን፣ የምስራድ ሀፕኒም መስኮት ላይ የተቀመጠችው ጸሐፊ ከራሷ ያመጣችው ይመስለናል። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን ላጫውታችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንያዝ። ዜጋና ነዋሪ የሚለያዩት በመሄድ አይደለም፤ በመመለስ ነው። እዚህ አገራችን በ1992 የወጣው የሰው ክብርና ነፃነት መሠረታዊ ሕግ ይህንን በሁለት አጭር አንቀጽ ለይቶታል። ከእስራኤል መውጣት ለማንኛውም ሰው የተፈቀደ ነው ይላል። ከውጭ ወደ እስራኤል የመግባት መብት ግን ለዜጋ ነው ይላል። መውጫው በር ለሁሉም አንድ ነው፤ መግቢያው ግን ሁለት ነው። የዜጋ መመለስ መብት ነው፣ የነዋሪ መመለስ ፈቃድ ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ታሪክ ሁሉ የሚዞረው በዚህች ልዩነት ላይ ነው።

ወረቀት ያልተጠየቀበት ዘመን

በ1862 አባ ማህሪ የሚባሉ መነኩሴ ከጎንደር አካባቢ ብዙ ቤተ እስራኤላውያንን አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። ታሪኩን ከአያቶቻችሁ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ነበር የወጡት። በትግራይ መንገድ ላይ ረሃብና በሽታ ብዙውን ሰው ጨረሰው፤ ቀሪው ተመለሰ ወይም እዚያው ቀረ። ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ እነዚያን ሰዎች ያቆማቸው ፓስፖርት አይደለም። ያቆማቸው ረሃቡ፣ በሽታውና ባሕሩ ነበር።

በአውሮፓም ቢሆን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ብዙ ሰው ያለ ፓስፖርት ከአገር አገር ይሄድ ነበር። ጥቂት መንግሥታት፣ ለምሳሌ ሩሲያና ቱርክ፣ ወረቀት ይጠይቁ ነበር። ሌላው ግን ገንዘብና ጤና ያለውን ሰው ብዙም አያስቆመውም።

በዚያው ዘመን ግን አንድ ነገር ተጀመረ። መንግሥታት «አንተ ከእኛ ጋር የምትኖር የውጭ ሰው ነህ፤ ሄደህ ለመመለስ ከፈለግህ ወረቀት ያዝ» ማለት ጀመሩ። ይህ ከተነገረባቸው መካከል ደግሞ አሜሪካ የነበሩ ቻይናውያን ይገኛሉ።

ቃሉን ይዞ የሄደው ሰው

ቻይ ቻን ፒንግ የሚባል ቻይናዊ ሠራተኛ በ1875 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ መጣ። አሥራ ሁለት ዓመት ያህል እዚያ ሠርቶ ኖረ። በመካከሉ፣ በ1882፣ አሜሪካ አዲስ ቻይናዊ ሠራተኛ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ቀድሞ የገባ ግን መኖር ይችላል፤ አገሩን ሊጠይቅ ከፈለገም ከመሄዱ በፊት የመመለሻ ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል ተባለ።

ቻይ ቻን ፒንግ እንደ ደንቡ ያንን ወረቀት ተቀብሎ በሰኔ 1887 አገሩ ሄደ። ዘመዶቹን አይቶ በመስከረም 1888 ከሆንግ ኮንግ መርከብ ተሳፈረ። መርከቡ ባሕር ላይ ሳለ፣ ጥቅምት 1 ቀን 1888፣ አዲስ ሕግ ጸደቀ፦ የመመለሻ ወረቀቶቹ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዘዋል። ከሳምንት በኋላ ሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ሲደርስ ወረቀቱን አሳየ። «ይህ አይሠራም» ተባለ። በዚያን ጊዜ እንደሱ ዓይነት ወረቀት ይዘው ከአሜሪካ ውጭ የነበሩ ሰዎች 20,000 ያህል ነበሩ።

ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደው። በ1889 ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ፈረደበት። ምክንያቱም፣ አንድ መንግሥት ዜጋ ያልሆነን ሰው የማስገባትና ያለማስገባት ሥልጣኑን በአንድ ወረቀት አሳልፎ አይሰጥም፤ የሰጠውን ፈቃድ በፈለገ ጊዜ መልሶ ሊወስድ ይችላል የሚል ነበር። መልሰው ሰደዱት።

እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ያስገርመኛል። ሰውዬው ያጠፋው ነገር የለም። ሕጉን አክብሯል፣ ወረቀቱን ይዟል፣ በጊዜው ተመልሷል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዜጋ አልነበረም። ቻይናውያን አሜሪካ ውስጥ ዜግነት ማግኘት የቻሉት ያ ክልከላ በ1943 ሲነሣ ነው።

አሜሪካ በ1924 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ ደግሞ ለሌሎችም ነዋሪዎች የመመለሻ ፈቃድ ደነገገች። ዛሬ አትላንታ ወይም ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችሁ ግሪን ካርድ ይዘው ሲጨነቁ የምትሰሙት የዚያ ልጅ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ ለመቆየት ካሰበ፣ ሳይወጣ በፊት የመመለሻ ፈቃድ ማመልከት አለበት። ያ ፈቃድ ቢበዛ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ከስድስት ወር በላይ የቆየም ሲመለስ ጥያቄ ይበዛበታል፤ የዜግነት ማመልከቻውንም ሊያዘገይበት ይችላል።

የናንሰን ፓስፖርት

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ጦርነቱ ሲጀመር ሰላይ እንዳይገባ ተብሎ በየድንበሩ ፓስፖርት መጠየቅ ተጀመረ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ጥያቄው አልቀረም። በ1920 ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡ መንግሥታት የፓስፖርቱን ደብተር መልክ አንድ ዓይነት ለማድረግ ተስማሙ።

ታዲያ መንግሥት የሌለው ሰው ምን ይሁን? የሩሲያ አብዮት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው በትኖ ነበር። በ1921 ደግሞ አዲሱ መንግሥት አገር ጥለው የወጡትን ዜግነታቸውን ነጠቀ። እነዚህ ሰዎች በርሊን፣ ፓሪስ፣ ኢስታንቡል ይኖራሉ፤ ግን ንቅንቅ ማለት አይችሉም። ከእነሱ መካከል ከፖግሮም የሸሹ ብዙ አይሁዶች ነበሩ።

ፍሪትዮፍ ናንሰን የሚባል ኖርዌያዊ ነበር። በወጣትነቱ የሰሜን ዋልታን በረዶ ያሰሰ ሰው ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር በ1921 የስደተኞች ኃላፊ አድርጎ ሾመው። እሱም በ1922 አንድ ወረቀት እንዲሰጥ መንግሥታትን አስማማ። ወረቀቱ «ይህ ሰው እገሌ ነው፤ ዜግነት የለውም፤ ይለፍ» የሚል ነው። ሰው «የናንሰን ፓስፖርት» አለው። በ1924 አርመኖችም እንዲያገኙት ተደረገ። በኋላ ላይ የናንሰን ፎቶ ያለበት ቴምብር ይለጠፍበት ጀመር፤ ከቴምብሩ የሚገኘው ገንዘብ ለድሆች ስደተኞች ይውል ነበር። ሃምሳ ያህል መንግሥታት ተቀበሉት፤ 450,000 ያህል ሰውም እንደወሰደው ይነገራል። የሐዳሳ ሆስፒታልን የቀለም መስኮቶች የሠራው ማርክ ሻጋል፣ ደራሲው ቭላዲሚር ናቦኮቭም በዚህ ወረቀት ከተጓዙት ናቸው።

ወረቀቱ ትልቅ ነገር ነበር። ግን አንድ ጉድለት ነበረበት፤ እሱም ያው የድሮው ነገር ነው። መጀመሪያ ሲወጣ የሰጠው አገር መልሶ የማስገባት ግዴታ አልነበረበትም። ሌላው አገር ደግሞ «ይህ ሰው መመለሻ ከሌለው እኔ ጋር ይቀራል» ብሎ ቪዛ ይከለክላል። መሄድ የሚቻለው መመለስ ሲቻል ነው፤ የማይመለስን እንግዳ ማንም በሩን አይከፍትለትም።

ይህ ጉድለት የተስተካከለው ብዙ መከራ ካለፈ በኋላ ነው። በ1930ዎቹ የጀርመንና የኦስትሪያ አይሁዶች መመለሻ የሌለው ወረቀት ይዘው ከኤምባሲ ኤምባሲ ሲንከራተቱ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት፣ በአገሩ በሕግ የሚኖር ስደተኛ የጉዞ ሰነድ እንዲሰጠው፣ ሰነዱም እስካላለቀ ድረስ የሰጠው አገር መልሶ እንዲያስገባው ደነገገ። እስራኤል ይህን ስምምነት በ1954 አጽድቃለች።

ለቀብር ሄደው የቀሩት

አሁን ለእኛ ነገር ቅርብ የሆነ ታሪክ ልንገራችሁ። በሰኔ 1948 ኢምፓየር ዊንድረሽ የምትባል መርከብ ከካሪቢያን ደሴቶች ሠራተኞች ይዛ እንግሊዝ ገባች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁር ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው መጡ። አገሪቱ ከጦርነት የወጣች ስለነበረች ሠራተኛ ትፈልጋለች። ብዙ ልጆች በወላጅ ወይም በዘመድ ወረቀት ነው የገቡት።

የ1971 ሕግ እስከ ጥር 1 ቀን 1973 ድረስ እንግሊዝ የሰፈሩት ሁሉ ያለ ገደብ መኖር ይችላሉ አለ። ጥሩ ነው። ግን ለእያንዳንዱ ሰው ወረቀት አልሰጠም። ሰዎቹ ሠሩ፣ ግብር ከፈሉ፣ ልጅ ወለዱ፣ ሸመገሉ። እንግሊዛዊ ነን ብለው ነበር የሚያስቡት። በተጨማሪም ነዋሪ ሆኖ ከሁለት ዓመት በላይ ውጭ የቆየ ሰው ፈቃዱ ይወድቅበታል የሚል ደንብ ነበር።

ከ2012 በኋላ ሕጉ ሲጠብቅ አሠሪውም፣ ሐኪም ቤቱም፣ ቤት አከራዩም ወረቀት መጠየቅ ጀመሩ። እነዚህ ሽማግሌዎች ወረቀት የላቸውም። መጀመሪያ ሲገቡ የተሞሉ የመግቢያ ካርዶችም በ2010 በመንግሥት ተወግደው ነበር። አንዳንዶቹ እናታቸውን ለመጠየቅ ወይም ለቀብር ጃማይካ ሄደው በዚያው ቀሩ፤ ሃምሳ ዓመት ወደኖሩበት አገር መመለስ ተከለከሉ። ጉዳዩ በ2018 ወጥቶ ትልቅ ቅሌት ሆነ፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሥልጣን ለቀቁ፤ መንግሥት ይቅርታ ጠየቀ፤ ካሳም መክፈል ጀመረ።

እነዚህን ሰዎች የጎዳቸው ምንድን ነው? ተንኮል ብቻ አይደለም። «እዚሁ ኖሬአለሁ፣ ማን ይጠይቀኛል?» ማለትም አለበት። አንድ ቤተሰብ ለሠላሳ ዓመት ወረቀት ሳይጠየቅ ሊኖር ይችላል። የሚጠየቀው ግን ሐዘን ላይ ሆኖ፣ ሻንጣ ይዞ፣ አየር ማረፊያ ሲቆም ነው።

እኛስ?

እኛ ወረቀትን ከማንም በላይ እናውቃለን። በደርግ ጊዜ ከወረዳ ወረዳ ለመሄድ እንኳን ከገበሬ ማኅበር ወይም ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ይጠየቅ ነበር። ከአገር ለመውጣት ደግሞ የመውጫ ቪዛ ያስፈልጋል፤ እሱም ለጥቂት ሰው ነበር። ስለዚህ ወላጆቻችን ያለ ወረቀት በሌሊት ወጡ። ወደ ሱዳን በሚወስደው መንገድና በሱዳን ካምፖች 4,000 ያህል ወገኖቻችን አለቁ። በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ በየዓመቱ የምናስባቸው እነሱን ነው።

እኔ ልጅ ሆኜ ነው የመጣሁት፤ ወረቀት ምን እንደሆነ የሚገባኝ ዕድሜ ላይ አልነበርኩም። ትልልቆቹ ግን ያውቁታል፤ ቤተ እስራኤላውያን እዚህ ሲደርሱ ሁለት ነገር ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። አንደኛው የ1950ው የመመለስ ሕግ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ራቭ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁዶች ናቸው ብለው መወሰናቸውና፣ ያንን ተከትሎ በ1975 መንግሥት የመመለስ ሕግ ለእኛም ይሠራል ማለቱ ነው። ስለዚህ በ1984 እና 1985 በሙሴ ዘመቻ የመጣውም፣ በግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ በአንድ ቀን ተኩል የመጣው ከ14,000 በላይ ሰውም ኦሌ ሆኖ ነው የገባው። ኦሌ ማለት ዜግነት ያለው ማለት ነው። ያለ አንድ ብጣሽ ወረቀት የወጣ ሰው በአንድ ጀምበር የመመለስ መብት ያለው ዜጋ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጡት የዘረ እስራኤል ወገኖቻችን ጉዳይ ግን ይለያል። መንግሥት ያመጣቸው በአብዛኛው በ1952 በወጣው ወደ እስራኤል የመግቢያ ሕግ ነው እንጂ በመመለስ ሕግ አይደለም። ጊዩር ሲጨርሱ ዜግነት ያገኛሉ። እስከዚያ ድረስ ያለው ጊዜ ግን የፈቃድ ጊዜ ነው። ጊዩር ያልጨረሰ፣ ወይም ዜጋ አግብቶ የመጣ ሰው ነዋሪ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ወረቀት የሚገኘው ለዚህ ነው። ፍቅር አልጎደለም፣ ዘር አልተለየም፤ በሩ ነው የተለየው።

የአገራችን ደንብ

ቶሻቭ ኬቫ፣ ማለትም ቋሚ ነዋሪ፣ ቴዑዳት ዜሁት አለው፤ ይሠራል፤ ኩፓት ሆሊምና ቢቱዋሕ ሌኡሚ አለው፤ ለከተማው ምክር ቤትም ይመርጣል። ለክኔሴት ግን አይመርጥም። ዳርኮንም የለውም፤ የሚጓዘው በትውልድ አገሩ ፓስፖርት ወይም ምስራድ ሀፕኒም በሚሰጠው ቴዑዳት ማአቫር ነው።

በ1974 የወጣው የመግቢያ ሕግ ደንብ፣ ቋሚ ነዋሪ ከእስራኤል ወጥቶ ሌላ አገር ከሰፈረ ፈቃዱ ያልቃል ይላል። መቼ ነው «ሰፈረ» የሚባለው? ደንቡ ሦስት ምልክት ያስቀምጣል። ከእስራኤል ውጭ ሰባት ዓመት ከቆየ፤ ወይም የሌላ አገር ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ከተቀበለ፤ ወይም የሌላ አገር ዜግነት አመልክቶ ካገኘ።

በ1988 ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ተጨማሪ ነገር ጨመረ። ጉዳዩ በኢየሩሳሌም ተወልዶ አሜሪካ የኖረው የሙባረክ አዋድ ነበር። ፖለቲካውን ለሌላ ቀን እንተወውና የሕጉን ቃል እንያዝ፦ ቋሚ ነዋሪነት የሚኖረው ሰውዬው በእውነት እስከኖረ ድረስ ነው፤ የሕይወቱን ማዕከል ወደ ሌላ አገር ካዛወረ ፈቃዱ በራሱ ጊዜ ያልቃል። በዕብራይስጥ «መርካዝ ሃሐዪም» የሚሉት ይህ ነው። ውሳኔው የአንድ ሰው ቢሆንም፣ ከዚያ ወዲህ ለነዋሪ ሁሉ መለኪያ ሆነ። በ2017 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ትንሽ አለዘበው፤ በኢየሩሳሌም ተወልዶ ከከተማው ጋር ያለው ግንኙነት ጠንካራ የሆነ ሰው፣ መመለስ ሲፈልግ ያ ትስስር ሊታይለት ይገባል አለ።

መስተዋቱን እናዙረው

አሁን ደግሞ ከወዲያኛው በኩል እንየው። ኢትዮጵያ ሁለት ዜግነት አትፈቅድም፤ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። በ2002 የወጣው አዋጅ ግን ትውልደ ኢትዮጵያዊ ለሆነ የውጭ ዜጋ መታወቂያ ፈቀደ። እኛ ቢጫ ካርድ የምንለው ነው። ያንን የያዘ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ይኖራል፣ ይሠራል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። እስቲ አስቡት፤ ጎንደር የተወለደ ሽማግሌ ቢጫ ካርድ ይዞ ሲገባ፣ በተወለደበት አገር «ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ» ማለት እሱ ነው። ባለቤቱ እዚህ እንደዚያው ናት። አንዱ እዚያ በፈቃድ ይገባል፣ አንዷ እዚህ በፈቃድ ትገባለች። ይህን ያየ ሰው ነዋሪ የሆነውን ጎረቤቱን ዝቅ አድርጎ የሚያይበት ምክንያት የለውም።

ከታሪኩ ምን እንያዝ?

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ግን ከላይ ያለው ታሪክ በራሱ የሚመክረን ነገር አለ።

ከቻይናዊው ሠራተኛ የምንማረው፣ ደንብ ሊለወጥ እንደሚችል ነው። አምና ጎረቤት ሄዶ በሰላም ተመለሰ ማለት ዘንድሮ ያው ነው ማለት አይደለም። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ። በተለይ ፈቃዱ ጊዜያዊ የሆነ ሰው፣ ፈቃዱ ውጭ ሳለ እንዳያልቅበት ቀኑን ያስነብብ። ዕብራይስጡን ማንበብ ካልቻላችሁ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ፤ ነውር የለውም።

ከናንሰን ወረቀት የምንማረው፣ የጉዞ ወረቀት የሚመዘነው በመመለሻው መሆኑን ነው። ቴዑዳት ማአቫር የያዘ ሰው የሚሄድበት አገርም ሆነ በመካከል የሚያርፍበት አገር ያንን ሰነድ መቀበሉን አስቀድሞ ያረጋግጥ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘም የሚያልቅበትን ቀን ይይ።

ከዊንድረሽ ሽማግሌዎች የምንማረው፣ ወረቀት መጠበቅ እንዳለበት ነው። የአርኖና ደረሰኝ፣ የኪራይ ውል፣ የኩፓት ሆሊም ደብዳቤ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ማስረጃ አትጣሉ። በአንድ ፌስታል ሰብስቡት። «የሕይወቴ ማዕከል እዚህ ነው» የሚለው ቃል የሚታየው በእነዚህ ነው። ልጁ አሜሪካ ሆኖ «ግሪን ካርድ ላውጣልሽ» የሚላት እናት ካለችም፣ እዚህ ቋሚ ነዋሪ ከሆነች ያ ካርድ የዚህን ፈቃድ ሊያሳጣት እንደሚችል ይንገራት።

ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ወደ ዜግነት የሚወስድ መንገድ የተከፈተለት ሰው «ነገ እጨርሳለሁ» እያለ አያቆየው። ጊዩር የጀመረ ይጨርስ፤ ማመልከቻ ያለው ይከታተል። በየከተማው የነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ አሉ፤ እኛ ኦቭዲም ሶትሲያሊምም አድራሻውን እንጠቁማለን፤ መጠየቅ ነው እንጂ።

የሞተብንን ቀብረን፣ ተዝካሩን አውጥተን፣ ዘመድ ስመን መመለስ የማንም ሰው ወግ ነው። ወላጆቻችን ተመልሰው ላያዩት ነው ከቀያቸው የወጡት። እኛ ዛሬ ሄደን መመለስ የምንችል ትውልድ ነን። ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ አያቶች ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ እነሱም የሚያውቁትን ይጨምሩላችኋል።